መወጣጫው መቼ ይፈታ?
በግንባታ ሙያ ወጣት ተለማማጆችን ስለ ማሠልጠን

ይህን መጽሔት የምታነቡት ምናልባት በአንድ ሕንፃ ውስጥ ተቀምጣችሁ ይሆናል። ለመሆኑ ከራሳችሁ በላይ ያለው የአርማታ ወለል ምን ያህል እንደሚመዝን አስባችሁ ታውቃላችሁ? አንድ ሜትር ኩብ አርማታ 2.4 ቶን ገደማ ይመዝናል። አራት ሜትር በአምስት ሜትር በሆነች አንዲት ክፍል ላይ 15 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው አርማታ ቢነጠፍ ክብደቱ ከ7 ቶን ይበልጣል ማለት ነው። ይህን ሸክም የሚያሰላው መሐንዲስ በዩኒቨርሲቲ ለዓመታት ተምሮ፣ ተፈትኖና ተመርቆ የወጣ ነው። ውሃውን የለካው፣ ፌሮውን ያሰረውና ድጋፉን የፈታው ሰው ግን የት ተማረ? ከማንስ ተማረ? ስሌቱ ምንም ያህል ቢጠራ በእነዚህ እጆች ውስጥ ካላለፈ ሕንፃ አይሆንምና ጥያቄው ከመማሪያ ክፍል ውጭ የሚተው አይደለም።

እኛም መልሱን ፍለጋ በአዲስ አበባ ከተማ ወደሚገኝ አንድ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ የግንባታ ቦታ ሄድን። በዚያም ከሠላሳ ዓመታት በላይ በግንበኝነትና በአርማታ ሥራ የቆዩ አንድ አንጋፋ ባለሙያ ሁለት ተለማማጆችን ይዘው ሲሠሩ አገኘናቸው። አንዱ የ19 ዓመት ወጣት ሲሆን ሌላዋ ሁለት ዓመት ሙሉ ባሬላ ስትሸከም ቆይታ በቅርቡ ወደ ሙያው የተጠጋች የ20 ዓመት ወጣት ናት። ያየነውንና ሳይንሱ ስለ ጉዳዩ የሚለውን አንድ ላይ አድርገን እነሆ እናቀርባለን።

ከባልዲው በፊት እጅ

ስንደርስ አርማታ ሊቦካ ነበር። ወጣቷ የውሃ ባልዲዋን አንሥታ ወደ ሚክሰሩ ስትጠጋ ባለሙያው በእጃቸው አስቆሟት። ከዚያም ከአሸዋው ክምር እፍኝ ሙሉ ዘግነው ጨበጡና እጃቸውን ዘረጉ። አሸዋው አልፈሰሰም፤ እንደ ጥቢኛ ቅርጹን ይዞ መዳፋቸው ላይ ቀረ።

«ምን አየሽ ልጄ?» አሏት።

«እርጥብ ነው ጋሼ።»

«እንግዲያስ ውሃው ስንት ባልዲ ይሁን?»

ወጣቷ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለች፤ እሳቸውም መልሱን አልነገሯትም። ጠበቁ። በመጨረሻ «ከትናንቱ ይቀንስ» ስትል ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ።

ይህ ጥቂት ሰከንዶች የወሰደ ትምህርት በውስጡ ምን እንደያዘ በቁጥር እንመልከት። በግንባታ ቦታዎች አሸዋና ጠጠር የሚለካበት ሳጥን ብዙውን ጊዜ 50 ሴንቲ ሜትር በ40 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ቁመቱ 18 ሴንቲ ሜትር ነው። ይህም 36 ሊትር ማለት ሲሆን ከአንድ ከረጢት ወይም ከ50 ኪሎ ግራም ሲሚንቶ ይዘት ጋር ይቀራረባል። አንድ ከረጢት ሲሚንቶ፣ ሁለት ሳጥን አሸዋና ሦስት ሳጥን ጠጠር በሚባለው ቅይጥ ላይ የውሃው ክብደት የሲሚንቶው ግማሽ እንዲሆን ከተፈለገ የሚያስፈልገው 25 ሊትር ውሃ ነው። ነገር ግን አሸዋው ከክብደቱ 5 በመቶ ያህል እርጥበት ካለው በሁለቱ ሳጥኖች ውስጥ ከ4 እስከ 5 ሊትር የሚደርስ ውሃ አስቀድሞ ገብቷል። ይህን ያላስተዋለ ተለማማጅ 25 ሊትሩን ሙሉ ቢጨምር ቅይጡ 30 ሊትር ገደማ ውሃ ይይዛል። ያ አርማታ ቢወፍርብኝ ብሎ ለማቅለል ሌላ 5 ሊትር ቢደርብበት ደግሞ 35 ይሆናል።

የውሃ መብዛት ጉዳቱ ምንድን ነው? ሲሚንቶ የሚጠነክረው በመድረቅ ሳይሆን ከውሃ ጋር ኬሚካዊ ውሕደት በመፍጠር ነው። ለዚህ ውሕደት በቀጥታ የሚያስፈልገው ውሃ ከሲሚንቶው ክብደት ሩብ ያህል ብቻ ነው። ከዚህ በላይ ያለው ከፊሉ በውሕደቱ ውጤት ውስጥ ታምቆ የሚቀር ሲሆን ከፊሉ ደግሞ ቅይጡ በቀላሉ እንዲቦካና እንዲፈስ ይረዳል። ትርፉ ውሃ ሲተን ግን በነበረበት ቦታ ዓይን የማያያቸው ባዶ ቀዳዳዎች ይቀራሉ፤ አርማታውም የሚደክመው በእነዚህ ቀዳዳዎች ነው። አሜሪካዊው ተመራማሪ ደፍ ኤብራምስ በ1918 እ.ኤ.አ. ይህን የውሃና የሲሚንቶ ዝምድና በሙከራ አስደግፎ አሳትሟል። በዚሁ መሠረት ውሃው ከ25 ወደ 30 ሊትር ከፍ ሲል የአርማታው ጥንካሬ በአምስተኛ እጅ ገደማ ይቀንሳል፤ ወደ 35 ሊትር ሲደርስ ደግሞ ከሦስተኛ እጅ በላይ ሊቀንስ ይችላል።

አስገራሚው ነገር የተበላሸው አርማታ በዕለቱ ለሠራተኛው የተሻለ መስሎ መታየቱ ነው። በቀላሉ ይፈሳል፣ ለአካፋ ይመቻል፣ ፊቱም ያምራል። ጉድለቱ የሚገለጠው ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ነው። እንግዲህ ስሕተቱ ወዲያው በማይቀጣበት ሙያ ውስጥ ተለማማጁ ከራሱ ስሕተት ብቻ ሊማር አይችልም። ቀድሞ ያየ ሰው ከአጠገቡ ያስፈልገዋል።

ሕጉን ማወቅና ምክንያቱን ማወቅ

በሁለተኛው ቀን ወጣቱ የአንድ አነስተኛ ተጨማሪ ቤት መሠረት ማዕዘን ሲያወጣ አየነው። በአንዱ ገመድ ላይ 60 ሴንቲ ሜትር፣ በሌላው ላይ 80 ሴንቲ ሜትር ምልክት አድርጎ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው ርቀት 100 ሴንቲ ሜትር እስኪሆን ድረስ ገመዱን ያስተካክላል። ይህ በትምህርት ቤት የምናውቀው የፓይታጎረስ ንድፈ ሐሳብ ነው። ባለሙያው አይተው «ልክ ነው፤ ግን አሳንሰኸዋል። በሦስት፣ በአራትና በአምስት ሜትር አድርገው» አሉት። ወጣቱ ታዘዘ፤ ለምን እንደሆነ ግን ግልጽ አልሆነለትም። እሳቸውም በልምድ እንጂ በስሌት አላወቁትም ነበርና ወደ እኛ ዘወር አሉ።

ስሌቱን በወረቀት ሠራንላቸው። በትንሹ ሦስት ማዕዘን ላይ ወጣቱ በአንድ ሴንቲ ሜትር ብቻ ተሳስቶ 100 የነበረውን 101 ቢያደርገው ማዕዘኑ 90 ዲግሪ መሆኑ ቀርቶ 91.2 ዲግሪ ይሆናል። ግድግዳው 10 ሜትር ርዝመት ካለው ጫፉ ላይ ሲደርስ 21 ሴንቲ ሜትር ያህል ከመሥመሩ ወጥቶ ይገኛል። በትልቁ ሦስት ማዕዘን ላይ ያው የአንድ ሴንቲ ሜትር ስሕተት ቢፈጸም ግን በ10 ሜትር ላይ የሚያመጣው ዝንፈት 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ባለሙያው ወረቀቱን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ለሠላሳ ዓመታት ሲሠሩበት የኖሩት ልማድ ምክንያቱ በቁጥር ተጽፎ ሲያዩት ደስታቸውን አልሸሸጉም።

በውሃ ልክም ላይ ተመሳሳይ ነገር አስተዋልን። በብርሃን አስተላላፊ ቱቦ ውስጥ ያለ ውሃ በሁለቱም ጫፎች እኩል ከፍታ ላይ የሚቆመው በሁለቱም በኩል የሚጫነው የአየር ግፊት እኩል ስለሆነ ነው። በቱቦው ውስጥ የአየር አረፋ ከቀረ ወይም ተለማማጁ አንዱን ጫፍ በአውራ ጣቱ እንደደፈነ ካነበበ ግን እኩልነቱ ይፈርሳል። አየሩ ከውሃው ጋር ሲነጻጸር ክብደት የለውም ለማለት ስለሚቻል አረፋ ያለበት ወገን ከፍ ብሎ ይቆማል። «አረፋውን አስወጣ» የተባለ ተለማማጅ አረፋውን ያስወጣል። ምክንያቱን የተረዳ ተለማማጅ ግን ጣቱንም ሳይነገረው ያነሣል። የመመሪያና የዕውቀት ልዩነት ይኸው ነው።

ተመራማሪዎች ምን ይላሉ?

የሙያ ልምምድ በትምህርት ሳይንስ ዘንድ ለረዥም ጊዜ እንደ ኋላ ቀር ዘዴ ሲታይ ቆይቷል። ይህን አመለካከት ከለወጡት ጥናቶች አንዱ የተካሄደው በአህጉራችን በአፍሪካ ነው። አሜሪካዊቷ የሥነ ሰብእ ተመራማሪ ጂን ሌቭ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በላይቤርያ የልብስ ሰፊዎችን የአለማመድ ሥርዓት አጥንታለች። በኋላም ከኤትየን ዌንገር ጋር በመሆን ግኝቶቹን ባካተተው በ1991 እ.ኤ.አ. በታተመ መጽሐፍ ሐሳቡን አስፋፍታዋለች። በዚያ ሥርዓት ተለማማጁ ሥራውን የሚጀምረው ከመጨረሻው ነው። መጀመሪያ ቁልፍ መትከልና ጠርዝ ማጠፍ፣ ቀጥሎ መስፋት፣ በመጨረሻም ጨርቅ መቁረጥ ይማራል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የቁልፍ ስሕተት ተፈትቶ ይስተካከላል፤ ያለ ልክ የተቆረጠ ጨርቅ ግን ይበላሻል። በተጨማሪም ከመጨረሻው የሚጀምር ሰው የተሟላውን ልብስ አስቀድሞ ስለሚያይ እያንዳንዱ ክፍል ለምን እንደሚያገለግል ይገባዋል።

ሩሲያዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ሌቭ ቪጎትስኪ በበኩሉ አንድ ተማሪ ብቻውን ሊሠራ በሚችለውና ከእርሱ የተሻለ በሚያውቅ ሰው እርዳታ ሊሠራ በሚችለው መካከል ያለውን ክልል ለይቶ አሳይቷል። ትምህርት ፍሬ የሚያፈራው በዚህ ክልል ውስጥ ነው። ከዚህ በታች ያለው ያሰለቻል፤ ከዚህ በላይ ያለው ተስፋ ያስቆርጣል።

በ1976 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዴቪድ ዉድ፣ ጀሮም ብሩነርና ጌይል ሮስ የተባሉ ተመራማሪዎች ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ዕድሜ ያላቸውን ሕፃናት ከእንጨት ቁርጥራጮች ፒራሚድ እንዲሠሩ በማድረግ የአስተማሪዋን ሚና መርምረዋል። ለዚህ እርዳታ የሰጡት ስም ከግንባታ የተወሰደ ነው፤ «መወጣጫ» ብለውታል። ስድስት ተግባራትም ዘርዝረውለታል፤ እነርሱም የተማሪውን ፍላጎት መሳብ፣ ሥራውን ማቅለል፣ ከግቡ እንዳይወጣ መጠበቅ፣ ዋና ዋናውን ነገር ማመልከት፣ ብስጭቱን ማብረድና ሠርቶ ማሳየት ናቸው። የአሸዋውን እፍኝ መለስ ብለን ብናስብ አንጋፋው ባለሙያ ከእነዚህ ውስጥ አብዛኞቹን በአንድ ጥያቄ ፈጽመዋቸዋል። መወጣጫ የሕንፃው አካል አይደለም፤ ሥራው ሲያልቅ ይፈታል። ሆኖም መቼ ይፈታ የሚለው ጥያቄ ከባድ ነው።

ያለ ጊዜው የተፈታ ድጋፍ

ይህን ጥያቄ ለባለሙያው ስናቀርብላቸው በወጣትነታቸው የደረሰ አንድ ነገር አጫወቱን። ገና ተለማማጅ ሳሉ ከግድግዳው ወጣ ያለ የአርማታ ሰገነት ሠርተው ነበር። ከሳምንት በፊት፣ በስድስተኛው ቀን፣ የሥራው ኃላፊ እንጨቶቹ ለሌላ ቦታ ስለተፈለጉ ድጋፉ ይፈታ ብሎ አዘዘ። እሳቸውና ጓደኛቸውም ከግድግዳው በኩል ጀምረው ወደ ጫፉ ፈቱ። የመጨረሻውን ቋሚ ሲያነሡ ሰገነቱ ወረደ። የጓደኛቸው እግር ተሰበረ፤ ዳግመኛም ወደ ሙያው አልተመለሰም።

«ልቤ ጠርጥሮ ነበር፤ ግን አልጠየቅሁም። በእኛ ጊዜ ተለማማጅ አለቃውን ከጠየቀ ደፋር ይባል ነበር» አሉን።

የሆነው ምን ነበር? በተለመደው ሲሚንቶ የተሠራ አርማታ በጥሩ ሁኔታ ውሃ እየጠጣ ከቆየ በሰባተኛው ቀን የ28ኛውን ቀን ጥንካሬ ሁለት ሦስተኛ ያህል ይደርሳል። በአገራችን በሰፊው የሚሠራበት ፒፒሲ የተባለው ፖዞላና የተቀላቀለበት ሲሚንቶ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከዚህ ይዘገያል። የደጋው ቀዝቃዛ ሌሊትም ያዘገየዋል። በዚህ ላይ ከግድግዳ ወጣ ብሎ በሚንጠለጠል ሰገነት ላይ ዋናው ፌሮ የሚቀመጠው ከላይ ነው፤ ሲንጠለጠል የሚለጠጠው የላይኛው ፊቱ ነውና። ድጋፉ ከግድግዳው በኩል ቀድሞ ከተፈታ ሰገነቱ በግድግዳውና በጫፉ ቋሚ መካከል እንደ ድልድይ ይዘረጋል። በዚህ ጊዜ የሚለጠጠው የታችኛው ፊቱ ይሆናል፤ በዚያ ደግሞ በቂ ፌሮ የለም። ስለዚህ የሰገነት ድጋፍ ከጫፍ ወደ ግድግዳ ይፈታል። በሁለት ወገን ያረፈ ወራጅ ግን ከመሐል ወደ ዳር ይፈታል።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ! ይህ ተረት ለአርማታም ለሰውም ይሠራል። ሥልጠናው ሳይጠና እርዳታው የተነሣበት ተለማማጅ የወደቀው ሰገነት ዕጣ ይደርሰዋል። በሌላ በኩል ድጋፉ ፈጽሞ ያልተነሣለት ተለማማጅ የራሱን ሸክም ተሸክሞ አያውቅም፤ ሃያ ዓመት ቢሠራም ረዳት እንደሆነ ይቀራል።

እንቅፋቶቹ

ይህን ያህል ጥቅም ያለው ነገር ለምን በሰፊው አይሠራበትም? በቆይታችን ጥቂት ምክንያቶችን ለመገንዘብ ችለናል።

የመጀመሪያው ክፍያ ነው። አንጋፋ ግንበኛ ብዙ ጊዜ የሚከፈለው በሠራው ሜትር ካሬ ልክ ነው። ቆሞ ባስተማረበት ሰዓት የሚያገኘው ነገር የለም። ተለማማጁን በፍጥነት ባስተማረ ቁጥር ደግሞ ነገ በአነስተኛ ዋጋ የሚወዳደረውን ሰው እንዳፈራ ሊሰማው ይችላል። ሙያን መደበቅ ክፋት ብቻ ሳይሆን እንጀራን ከመጠበቅም ሊመነጭ እንደሚችል መረዳት ይገባል።

ሁለተኛው በሕግና በተግባር መካከል ያለው ርቀት ነው። በአገራችን የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ሥርዓት ውስጥ ተቋማት ከድርጅቶች ጋር በመተባበር የሚሰጡት የትብብር ሥልጠና ትልቅ ቦታ ተሰጥቶታል። ሆኖም ሠልጣኙ ወደ ግንባታ ቦታ ሲላክ የሚቀበለው ሰው ጊዜና ኃላፊነት ካልተሰጠው ወጣቱ ወይ ዳር ቆሞ ይመለከታል ወይም ድንጋይ ሲያመላልስ ይከርማል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከ15 ዓመት በታች የሆነን ልጅ መቅጠር የተከለከለ ነው። ከ15 እስከ 18 ዓመት ያሉትንም ለሕይወታቸው ወይም ለጤናቸው አደገኛ በሆነ ሥራ ላይ ማሰማራት አይፈቀድም፤ የቀን ሥራቸውም ከ7 ሰዓት መብለጥ የለበትም። «ይማርበት» እየተባለ ታዳጊን በባሕር ዛፍ መወጣጫ ላይ ማውጣት ሥልጠና ሊባል አይችልም።

ሦስተኛው የሴቶች ጉዳይ ነው። በከተሞቻችን የግንባታ ቦታዎች አሸዋና ብሎኬት የሚያመላልሱ ሴቶችን ማየት የተለመደ ነው። ቱምቢና ማንኪያ የያዙት ግን ጥቂቶች ናቸው። ያነጋገርናት ወጣት በሁለቱ የባሬላ ዓመታት ውስጥ አንድም ሰው «ሞክሪው» ብሏት እንደማያውቅ ነገረችን። ሆኖም ታይ ነበር። ግንበኛው ገመድ ሲወጥር፣ ብሎኬት ሲያርስ፣ መገጣጠሚያዎቹን ሲያፈራርቅ ሁሉ በዓይኗ ትከተል ነበር። አንድ ቀን ባለሙያው ያስቀመጡት ብሎኬት ከገመዱ መውጣቱን ባሬላዋን ይዛ ሳለ በትሕትና ጠቆመቻቸው። እሳቸውም አልተቆጡም፤ በማግስቱ ቱምቢውን ሰጧት።

ከእኛስ ምን ይጠበቃል?

የሳይንስ ትምህርት ቤቶች ለዚህ ሙያ ሁለት ነገር ሊያበረክቱ ይችላሉ ብለን እናምናለን። አንደኛው ምክንያቱን ማስረዳት ነው። ግንበኞች በልምድ የሚያውቁት ብዙ ትክክለኛ ነገር አለ፤ በአጠገቡ ደግሞ ከትክክለኛው ተለይቶ መጣራት ያለበት ልማድ አለ። ለምሳሌ አርማታ በፀሐይ ቶሎ ሲደርቅ ይጠነክራል የሚለው እምነት ስሕተት ነው። በበጋው ደረቅ አየርና ነፋስ ውስጥ ቢያንስ ለሰባት ቀናት እርጥበቱ ካልተጠበቀ ውሕደቱ ይቋረጣል። አንድ ገጽ ቀላል ጽሑፍ፣ አንድ የተግባር ማሳያ፣ አንድ የተሰበረ የአርማታ ናሙና እንኳን ብዙ ሊያስተምር ይችላል።

ሁለተኛው መማር ነው። የምህንድስናና የሳይንስ ተማሪዎቻችን አንድ እፍኝ አሸዋ ጨብጠው እርጥበቱን መገመት ይችሉ እንደሆነ ራሳቸውን ይጠይቁ። ያን ዕውቀት የያዙት ሰዎች ዕድሜያቸው እየገፋ ነው፤ አብዛኞቹም የሚያውቁትን ጽፈው አያስቀምጡም። ከእነርሱ እጅ ወደ ወጣት እጅ ካልተሻገረ ከእነርሱ ጋር ያልፋል።

በመጨረሻው ቀን ወደ ቦታው ስንመለስ ሌላ አርማታ እየተቦካ ነበር። ሌሊቱን ካፊያ ጥሎ አድሯል። ወጣቷ ማንም ሳያዛት ወደ አሸዋው ክምር ሄዳ ከላይ ሳይሆን ከውስጥ ዘግና ጨበጠች፤ መዳፏን አየች፤ ከዚያም የባልዲውን ውሃ ቀንሳ አስገባች። ባለሙያው ከጥቂት ርቀት ላይ ቆመው ይመለከቱ ነበር። ልክ ስለ መሆኑ ጠየቅናቸው።

«ትክክል ነው» አሉን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ «ግን አትንገሯት። ዛሬ ራሷ ትወቀው።»